ለጠገበ ሰው የተጻፈ ምክር፦ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ በሚሰጠው የስኳር ሕሙማን ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

የስኳር ሕመም በመሠረቱ የሆርሞን መዛባት ነው። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ተገቢውን ሥራ ሳይሠራ ሲቀር በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከልክ በላይ ይወጣል። ይህን ሕመም ከብዙዎቹ የሚለየው የሕክምናው ዋና ክፍል በሕመምተኛው እጅ የሚፈጸም መሆኑ ነው። አንድ ሕመምተኛ በወር አንድ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ቢመጣና በእያንዳንዱ ቀጠሮ 10 ደቂቃ ከባለሙያ ጋር ቢነጋገር፣ በዓመት የሚያገኘው ጊዜ 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በቀሩት 8,758 ሰዓታት መርፌውን የሚወጋው፣ ምግቡን የሚመጥነው፣ አደጋ ሲመጣም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት እሱ ራሱ ነው። በመሆኑም ነርሷ በዚያች 2 ሰዓት ውስጥ የምታስተምረው ነገር የሕክምናው ማሟያ ሳይሆን ራሱ ሕክምና ነው። መድኃኒት ጥቅሙና ጉዳቱ እንደሚመዘን ሁሉ ትምህርቱም ሊመዘን ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ በአገራችን ጤና ተቋማት የተለመደውን የስኳር ሕሙማን ትምህርት ከሰቆጣ ከተማና በዙሪያዋ ካለው የዋግ ኽምራ ደጋ ኑሮ አንጻር ለመመዘን የቀረበ ነው። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው። የትምህርቱ አብዛኛው ይዘት በራሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለሌላ ሰው ነው። ማዕዱ ለሞላ፣ ሰውነቱ ለወፈረ፣ ቤቱ ማቀዝቀዣ ላለው፣ ሥራውም በወንበር ላይ ለሆነ ሰው የተጻፈ ምክር ለቀጭኑ ገበሬ ሳይለወጥ ሲነገር ጥቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ሊያስከትል ይችላል።

የትምህርቱ መልካም ጎን

ሒስ ጉድለትን ብቻ መልቀም አይደለምና በቅድሚያ የትምህርቱን ዋጋ መመስከር ተገቢ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከተገኘ በኋላ፣ በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኤልየት ጆስሊን መድኃኒቱ ያለ ትምህርት ከንቱ መሆኑን ተገንዝበው ነርሶችን በማሠልጠን ወደ ሕሙማኑ ቤት ይልኩ ነበር። በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ሆስፒታል ደግሞ ሊዮና ሚለርና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ ለድሆች ሕሙማን ትምህርት በመስጠትና በችግር ጊዜ ባለሙያ የሚያማክሩበትን የስልክ መስመር በመክፈት ብቻ በስኳር ሕመም ምክንያት ራስን ስቶ ሆስፒታል መግባት በከፍተኛ ደረጃ እንደቀነሰ አሳይተዋል።

በአገራችንም ቢሆን መሠረቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከሳኒቴሪያኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር አሰማርቷል። ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ጀምሮም በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ፣ እነ ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ በደገፉት ሥራ፣ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ እንዲሆን ተደርጓል። ይህ ሥራ ነርስ በአግባቡ ከሠለጠነች በገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማንን መከታተልና ማስተማር እንደምትችል አረጋግጧል። ስለዚህ ይህ ሒስ የሚያነሣው ጥያቄ ነርስ ታስተምር ወይስ አታስተምር የሚል ሳይሆን ምን ታስተምር የሚል ነው።

ትምህርቱ የሚያስበው ሕመምተኛና ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጣው ሕመምተኛ

የተለመደው ትምህርት ክብደት ቀንሱ፣ ጣፋጭና ቅባት ተዉ፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ አድርጉ በማለት ይጀምራል። ይህ ምክር በሰቆጣ ከተማ ለሚኖር ነጋዴ ወይም ለቢሮ ሠራተኛ፣ በተለይም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለበት ሰው፣ ተገቢና ጠቃሚ ነው። ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ ወይም ከሰቆጣ ዙሪያ ቀበሌዎች በእግሩ የሚመጣው ወጣት ገበሬ ግን አጥንቱ የወጣ፣ ጉልበቱ የደከመ፣ ኢንሱሊን ካላገኘ መቆም የማይችል ሊሆን ይችላል። ለእሱ ክብደት ቀንስ ማለት ትርጉም የለሽ ነው። “ስኳር በወጉ ቀምሼ ሳላውቅ የስኳር በሽታ ከየት መጣብኝ?” ብሎ ሲጠይቅም፣ ሕመሙ የባለጸጎች ነው የሚለውን የሕዝብ አስተሳሰብ ትምህርቱ ከማረም ይልቅ ሲያጠናክረው ይታያል።

ሳይንሱ በዚህ ጥያቄ ላይ ሲወዛገብ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አውጥቶ ነበር፤ በ1999 ግን በቂ ማስረጃ የለም በሚል ከመደቡ ተሠረዘ። በ2009 ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው በዲያቤቶሎጂያ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ከድህነትና ከችግረኛ ኑሮ ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላቸው፣ በአብዛኛውም ወንዶች እንደሆኑ ገልጸው፣ የተዘጋው መዝገብ እንደገና ሊከፈት አይገባምን ሲሉ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ይህን ሕመም አምስተኛው ዓይነት ብሎ ዕውቅና ሰጠው።

ይህ ለዋግ ኽምራ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው፤ ሥራውም የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። በሕፃንነቱ ምግብ ያጣ ሰው አድጎ ቆሽቱ ሊዳከም የሚችል ከሆነ፣ የመቀንጨር ምሳሌ ሆና የተጠራች ከተማ የስኳር ሕሙማን ትምህርቷን በወፍራም ሰው ሥዕል ልትጀምር አይገባም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀጭን የሆነ ሁሉ አምስተኛው ዓይነት አለበት ማለት አይደለም። አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመምም ሰውነትን ያከሳል፤ የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ነርሷ ይህን በዓይኗ አይታ ልትለይ አትችልም፤ እንድትለይም አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው አይታ ትምህርቷን ከእሱ ኑሮ መጀመር ነው።

እህልና መርፌ

የትምህርቱ ትልቁ ጉድለት ስለ ምግብ በሚናገረው ክፍል ላይ ይታያል። ትምህርቱ ስለሚከለከለው ምግብ ብዙ ይላል፤ ስለሚጠፋው ምግብ ግን ዝም ይላል። በዋግ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት ወራት ጎተራው የሚጎድልባቸው ናቸው። በምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የታቀፈው ቤተሰብ የሚያገኘው ስንዴ፣ ክክና ዘይት ሊዘገይ ይችላል። ኢንሱሊን ግን ከተወጋ በኋላ እህል ይኑር አይኑር ሥራውን ይሠራል።

በመሆኑም ለዚህ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ደም ስኳር መውረድ ሊሆን ይገባል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ምልክቶቹ ናቸው። በመንደሩ ይህ ሁኔታ በስካር ወይም በመንፈስ ሊተረጎም ስለሚችል፣ ምልክቶቹን ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ሚስቱ፣ እናቱና አብሮት የሚያርሰው ጎረቤቱ ሊያውቁ ይገባል። መፍትሔው በእጅ ያለ ነው፤ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም አንድ ማንኪያ ማር መላስ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፣ ከዚያም እህል መብላት። ራሱን የሳተን ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም ማፍሰስ አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ ድዱን በጥቂት ማር መቀባትና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ኢንሱሊን ለሚወጉት ብቻ ሳይሆን ግሊቤንክላማይድ ለሚውጡትም ይሠራል።

አንድ የተለመደ አነጋገር ግን በጥብቅ መታረም አለበት። “ካልበላህ አትወጋ” የሚለው አጭር ምክር ለአፍ ይቀልላል፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። አንደኛው ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ጨርሶ ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በኬቶን ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ፣ ሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ ለጥጋብ ጊዜና ለእጥረት ጊዜ የሚሆኑ ሁለት መጠኖችን አስቀድሞ ወስኖ በሕመምተኛው ካርድ ላይ ማስፈር፣ ነርሷም የሁለቱን ልዩነት ማስተማር ነው። በሌላ አነጋገር ትምህርቱ ረሃብን እንደ እንግዳ ነገር ሳይሆን በየዓመቱ እንደሚመጣ ወቅት መቁጠር አለበት።

ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት

ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ የሚለው መመሪያ ያልተከፈተ ብልቃጥ ለሚያስቀምጥ የመድኃኒት መደብር ትክክል ነው። መብራት ለሌለበት ቤት ሲነገር ግን ሕመምተኛው መድኃኒቱ በቤቱ ተበላሽቷል ብሎ እንዲያምንና እንዲያቋርጥ ወይም ለአንድ መርፌ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እንዲመላለስ ያደርገዋል።

በዚህ ረገድ የሚያጽናና ማስረጃ አለ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ የሚኖረውን የሙቀት መለዋወጥ በቤተ ሙከራ አስመስለው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለ4 ሳምንታት ቢቀመጥም ኃይሉን እንደጠበቀ ታይቷል። ውኃ እያረጠቡ የሚያቀዘቅዙት የሸክላ ዕቃም በሞቃት አገሮች ለዚሁ አገልግሎት ተፈትኗል። የዋግ ቤት ሸክላ አያጣም። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ፣ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ ማሰሮውን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ማራቅ ለማንም የሚቻል ነው።

የዋግ ኽምራ የመሬት አቀማመጥ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ይጠይቃል። በደጋው ሌሊት ብርዱ ሲበረታ መድኃኒቱ በረዶ እንዳይሠራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይጠቅምምና። ወደ ተከዜ ቆላ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሳህላና ወደ አበርገሌ የሚወርድ ሰው ደግሞ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ሊይዝ ይገባል።

በዚህ ክፍል አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት አለው። በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ሰው 33 ቀን ያህል ይበቃዋልና ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣል የሚለው መመሪያ ብዙም አያስቸግረውም። በቀን 12 ዩኒት የሚወጋ ልጅ ግን በ28 ቀን የሚጨርሰው 336 ዩኒት ብቻ ነው፤ 664ቱን ጣል እንለዋለን ማለት ነው። መድኃኒቱን በስንት ድካም ያገኘ ወላጅ ይህን ምክር አይቀበልም፤ ሳይቀበል ቢቀርም አያስገርምም። ነርሷ ይህን እያወቀች መመሪያውን ብቻ አንብባ ብታልፍ ወላጁ እውነቱን ይደብቃታል። የተከፈተበትን ቀን በብልቃጡ ላይ መጻፍ፣ ኤን.ፒ.ኤች. ተነቅንቆ አልዋሐድ ካለና ጓጉሎ ከቀረ፣ ጥሩው ሬጉላር ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ወይም መጠኑ ሳይቀየር ስኳሩ እየወጣ ከሄደ ብልቃጡን ይዞ እንዲመጣ መንገር ይሻላል። ለሕፃናት ትንንሽ ካርትሪጅ ማቅረብ ደግሞ የነርሷ ሳይሆን የአቅርቦቱ ባለቤቶች ግዴታ ነው።

እግርና ዳገት

ከቤቱ ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዳገትና ቁልቁለት ለሚያቋርጥ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመድ ማለት ከመቀለድ አይለይም። ለእሱ የሚያስፈልገው ትምህርት ተቃራኒው ነው። ረጅም መንገድ፣ እርሻ፣ አጨዳ፣ የእርከን ሥራ ስኳርን ያወርዳሉ። መንገድ በሚሄድበት ዕለት ጭኑ ላይ ከመወጋት ሆዱ ላይ መወጋት፣ በኪሱ ስኳር፣ በስልቻው በሶ ወይም ቆሎ መያዝ፣ ብቻውን አለመሄድ ሊነገረው ይገባል። ለክትትል የደም ምርመራ ሲባል ባዶ ሆዱን ከሌሊት ተነሥቶ እንዲመጣ ማዘዝም ከመንገዱ ርዝመት ጋር ሊመዘን ይገባዋል፤ ምርመራው ከምግብ በኋላ ቢሠራና ውጤቱ በዚያው ቢተረጎም ከአደጋው ይሻላል።

ስለ እግር ጥንቃቄ የሚሰጠው ምክርም እንዲሁ ነው። በልክ የተሠራ ቆዳ ጫማና የጥጥ ካልሲ የሚለው ምክር በረባሶ ወይም የላስቲክ ጫማ ለሚያደርግ ሰው ሩቅ ነው። በረባሶውን ከማድረጉ በፊት ውስጡን በእጁ ዳስሶ ጠጠርና እሾህ ማራገፍ፣ የሚፋቅበትን ጠርዝ በጨርቅ መሸፈን፣ ማታ እግሩን ታጥቦ ማየት፣ የማይታየውን ውስጥ እግር ልጁ እንዲያይለት ማድረግ፣ በብርድ ሌሊት የደነዘዘ እግርን ወደ እሳት አለማስጠጋት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ እግርን ከመቆረጥ የሚያድኑ ትምህርቶች ናቸው።

ጾምና ጠበል

በትምህርቱ ውስጥ ከሞላ ጎደል የማይነሣው ጉዳይ ጾም ነው። ባለሙያው ሃይማኖት እንዳይነካ በመፍራት ያልፈዋል፤ ሕመምተኛውም እንዳይከለከል በመፍራት አይጠይቅም። በሁለቱ ዝምታ መካከል ግን ግልጽ አደጋ አለ። ኤን.ፒ.ኤች. የተባለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ሰው መድኃኒቱ የሚጠነክርበት ከ5 እስከ 11 ሰዓት ነው። ይኸው ሰው ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ከጾመ፣ መድኃኒቱ በጸናበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ለ55 ቀናት ይህን የሚያደርግ ሰው በየዕለቱ ከአደጋ ጋር ይኖራል። ረመዳንን ለሚጾመው ሙስሊምም ስሌቱ ያው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ሕግ ነጻ እንደምታደርግ፣ እስልምናም እንዲሁ እንደሚፈቅድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ለሕመምተኛው የሚነግረው ነርስ ሲሆን አይጸናም፤ የንስሐ አባቱ ሲነግሩት ግን ይጸናል። ስለዚህ ካህናትና የመስጊድ አባቶች የዚህ ትምህርት ተማሪዎችም አስተማሪዎችም ሊሆኑ ይገባል። ካልቻለና እጾማለሁ ካለ ደግሞ ከጾሙ ወራት አስቀድሞ መጥቶ የመርፌው መጠንና ሰዓት እንዲስተካከልለት መንገር እንጂ ተቆጥቶ መመለስ አይገባም።

ጠበልን በተመለከተ አገራችን ጥሩ ምሳሌ አላት። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በተስፋፋበት ወቅት ብዙ ሕሙማን ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑና በአንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተማሩ። ለኢንሱሊንም ተመሳሳይ ቃል በየደብሩ ቢነገር ስንት ሰው ሊተርፍ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለ ማስተማሪያው መንገድና ስለ ቋንቋው

የይዘቱን ያህል መንገዱም ሊታይ ይገባዋል። የተለመደው አሠራር ሕሙማን ወረፋ በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ቆሞ ለሁሉም በአንድነት መናገር ነው። “ገባችሁ?” ሲባል “አዎ” ይባላል፤ ትምህርቱም ተሰጥቷል ተብሎ ይመዘገባል። አክብሮት ባለበት ባህል ባለሙያን አልገባኝም ማለት ነውር ስለሚመስል “አዎ” የሚለው ቃል የመረዳት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው ሕመምተኛው በገዛ እጁ መርፌውን ቀድቶ ሲያሳይና የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ ሲናገር ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በመርፌው ላይ መጠኑን በማይጠፋ ቀለም ማስመር ቁጥርን ደጋግሞ ከመናገር ይበልጣል።

ቋንቋም ሌላው እንቅፋት ነው። ነርሷ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ ተምራ በአማርኛ ታስተምራለች፤ ከሰሚዎቿ መካከል ግን በቤታቸው ኽምጣና የሚናገሩ ብዙዎች አሉ። ገበያ ላይ በአማርኛ የሚገበያይ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ የሚነገረውን በአማርኛ በጥልቀት ይረዳል ማለት አይደለም፤ በተለይ እናቶችና አረጋውያን። የመንቀጥቀጥ፣ የመደንዘዝ፣ የመጥበርበር ስሜት የሚገለጸው ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው። በዋግ ኽምራ ኽምጣና የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ እያገለገለ ሳለ የጤና ትምህርቱ ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም። ቋንቋውን የሚያውቁ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአካባቢው አሉ። የሚጎድለው ትምህርቱን በኽምጣና አዘጋጁ የሚላቸው ነው።

ትምህርት መድኃኒትን አይተካም

አንድ ተቃውሞ አስቀድሞ ሊመለስ ይገባል። ኢንሱሊንና የስኳር መለኪያ በሌለበት ስለ ትምህርት መጻፍ ምን ይጠቅማል? የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነትም አላቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ባዳረሰ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ በክልሉ በርካታ ጤና ተቋማት ወድመውና ተዘርፈው፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለው ነበር። በዚያው ጦርነት በመቀሌ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችም ኢንሱሊን እንዳለቀባቸው ለዓለም ተናግረዋል። ኢንሱሊን ያጣ ሰው በትምህርት አይድንም። ይህን ጉድለት በነርሷ ላይ መጫንም ግፍ ነው።

ነገር ግን ይህ ትምህርቱን የሚያጠናክር እንጂ የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። አቅርቦት ሊቋረጥ እንደሚችል ከታወቀ፣ ሕመምተኛው ብልቃጡ ከማለቁ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲመጣ፣ ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን አንድ ብልቃጥ በቤቱ እንዲኖረው፣ መድኃኒቱ ሲያንስ ጨርሶ ከማቋረጥ በባለሙያ ምክር ቀንሶ ማዳረስ እንደሚሻል፣ የኬቶን መመረዝ ምልክት የሆኑትን ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ እንዲያውቅ ማስተማር ያስፈልጋል። ስሙንና የመድኃኒቱን መጠን የያዘ ካርድ ከልብሱ የማይለይ ከሆነ፣ ተፈናቅሎ በደረሰበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሕክምናው ካቆመበት ይቀጥላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ነጥብ ነው፤ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይለወጥ። ለዋግ ደጋ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ትምህርት የደም ስኳር መውረድና መፍትሔው ይሁን። ሁለተኛው ኢንሱሊንን ጨርሶ አለማቋረጥና ለእጥረት ጊዜ የተወሰነው መጠን፤ ሦስተኛው በገንቦ ማስቀመጥ፤ አራተኛው እግር፤ አምስተኛው ጾምና ጠበል ይሁን። የክብደት፣ የጣፋጭና የቅባት ምክር ለሚያስፈልገው ሰው ከእነዚህ በኋላ ይምጣ። አምስቱም በአንድ ቀን አይነገሩ፤ በአንድ ቀጠሮ አንድ ትምህርት፣ ያም በሕመምተኛው አፍ ተመልሶ የተነገረ ይሁን።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። በሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልና በየወረዳው ያሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች በአንድነት ተቀምጠው፣ ሕሙማኑንና ቤተሰቦቻቸውን ጠይቀው፣ በአማርኛና በኽምጣና አንድ አጭር የትምህርት ቅደም ተከተል ሊያዘጋጁ ይችላሉ። የነርስ ኮሌጆችም ተማሪዎቻቸውን ሲፈትኑ የስኳር ሕመምን ትርጉም ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣ ለሌለው፣ ለሚጾምና ለሚራብ ሰው ምን ብለው እንደሚያስተምሩት ይጠይቋቸው። የሙያ ማኅበራትም በየመጽሔታቸው ለዚህ ዓይነቱ የመስክ ልምድ ቦታ ይስጡ።

የስኳር ሕመም የጠጋቢዎች ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ በሕዝቡ ዘንድ ብቻ አይደለም ያለው፤ በማስተማሪያ ጽሑፎቻችንም ውስጥ ተቀምጧል። ሕዝቡ ይህን እንዲተው ከመጠየቃችን በፊት ከጽሑፎቹ ልናወጣው ይገባል።